ሥራቸው «ዓሣ አስጋሪ» ተብሎ ይጻፍልኝ

ግልጽ ደብዳቤ

በየጽሕፈት ቤቱ የሰው ሥራ በቅጽ ላይ ለምትሞሉ፣ የጣና ዓሣ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ፣ በጎንደርና በደምቢያ ለምትኖሩ ወገኖቼ ሁሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ?

አያቴ ባለፈው ወር ዐረፉ። እኛ ቤት «አባባ» ነበሩ። ጎርጎራ ላይ ደግሞ «አያ ታንኳ» ይሏቸው ነበር። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሥራቸው ነው።

ከቀብር በኋላ ለሞት ምስክር ወረቀት አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ልጅ ጨዋ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ወንበር ሳበልኝ። ስማቸውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ዕድሜያቸውን ጠየቀኝ፣ «ሰማንያ ይሆናሉ» አልኩት። አባባ ራሳቸው የሚያውቁት ጣሊያን ከወጣ ወዲህ መወለዳቸውን ብቻ ነበር። ሥራቸውን ሲጠይቀኝ «ዓሣ አስጋሪ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጡረታ ነበራቸው?»

«የላቸውም።»

«የንግድ ፈቃድስ?»

«የላቸውም።»

«መሬት?»

መሬትም አልነበራቸውም። ልጁ ትንሽ አሰበና «ሥራ፦ የለውም» ብሎ ሞላው።

እዚያው መከራከር ነበረብኝ። ግን ጉሮሮዬ ተይዞ ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ገብቼ ደግሜ ሳነበው ነው ውስጤ የተቃጠለው። ሥራ የለውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው በጨለማ ሐይቅ የሚገቡ ሰው። ይህንን ከ50 ዓመት በላይ ያደረጉ ሰው። ስድስት ልጆችን በዓሣ ያሳደጉ ሰው። በልጁ አልፈርድም፤ ምናልባት የሚሞላበት ቅጽ ያንን ቃል አያውቀው ይሆናል። እንዲያውቀው ነው የምጽፈው።

አባባ የተወለዱት ጎርጎራ አጠገብ፣ ጣና ዳር ነው። ታንኳ መሥራት ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው። እኔም አንድ ጊዜ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ስድስት ዓመቴ ነበር። ደንገሉ ታጭዶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቋል። አባባ አንዱን ነዶ በጉልበታቸው ጫን ብለው ይይዙትና በልጥ ይጠፍሩታል። ገመዱን ሲያጠብቁት የአንገታቸው ሥር ይገተራል። ጠፍረው ሲጨርሱ ነዶውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ የሕፃን ጀርባ እንደሚያስገሱ። ድምፁን ያዳምጣሉ። ካልጣማቸው ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ። የደንገል ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ጥቂት ወራት ካገለገለ በኋላ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሐይቅ በወጡ ቁጥር ዛፍ ላይ አስደግፈው ያደርቁታል። «አባባ፣ በሕይወትዎ ስንት ታንኳ ሠሩ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «እኔ የቆጠርኩት ልጆቼን ብቻ ነው» አሉኝ።

ስለ ታንኳ ሲመሰገኑ ግን ምስጋናውን ለብቻቸው አይወስዱም ነበር። «ይኼን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው፤ እኛ ከእነሱ ነው ያየነው» ይሉ ነበር። ያ ሕዝብ በዚሁ ሥራው ስንት ዘመን ሲናቅ እንደኖረ አካባቢያችን ያውቀዋል። አባባ ይህ ነገር ሲነሣ ዝም ብለው አያልፉም ነበር።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን የመጨረሻው ቦታ ላይ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ቶሎ የሚናወጠው ለዚህ ነው። አባባ ቁጥሩን አያውቁትም። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደሚከፋ ግን ከቤት ሳይወጡ ይናገሩ ነበር። በር ላይ ይቆማሉ፣ ወደ ሐይቁ ያያሉ፣ ከዚያ ወይ መቅዘፊያቸውን ያነሣሉ ወይ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ሳያማክሯቸው ገብተው ያልተመለሱ ጎረቤቶች ነበሩ። የእነሱን ስም ዳዊታቸውን ሲደግሙ ያነሡ ነበር።

ስለ ዓሣው ትንሽ ላቆያችሁ። ምግብ ቤት ገብተን «ነጭ ዓሣ» ብለን በደፈናው የምናዘው አንድ ዓይነት ዓሣ አይደለም። ተመራማሪዎች ከ15 የማያንሱ ዓይነቶችን ለይተዋል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከንፈሩ ወፍራም የሆነ አለ። ሌላውን ዓሣ እያሳደደ የሚበላ አለ። አባባ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ ግን ዓሣውን በእጃቸው ይዘው አፉን አየት ያደርጉና ምን እንደሚበላ፣ ከየትኛው የሐይቁ ክፍል እንደመጣ ይነግሩኝ ነበር። አፉ ወደ ታች የሆነው መሬት የሚለቅም ነው። ሰፊ አፍ ያለው አዳኝ ነው። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ጣና የሚያወራ ጽሑፍ ሳነብ የአባባ ቃል እየመጣ ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ነበር።

ክረምት ሲገባ ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት፣ በሚወርድ ውሃ ውስጥ ነው። ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ እኛው መገጭና ድርማ ይመጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ ዘርግቶ እዚያ የጠበቃቸው ሰው በአንድ ሌሊት የወሩን ያህል ያወጣል። የሚያወጣው ግን እናቶቹን ነው፤ ሆዳቸው ዕንቁላል የሞላውን።

አባባ ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዝ አፍ ላይ መረብ አይጥሉም ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። የዓሣ ሀብት አዋጁ፣ ቁጥር 315/1995፣ ከመውጣቱ በፊትም እንደዚያው ነበሩ። በዚያ ወራት በመንጠቆ አምባዛ ይሞክራሉ፣ አለዚያ ለሰው እርሻ አረም ያርማሉ። እናቴ የነገረችኝ አንድ ክረምት አለ። ቤት ውስጥ እህል አልቋል። ጎረቤት ከድርማ አፍ በጆንያ እያወጣ ነው። እምዬ፣ ሴት አያቴ ማለት ናቸው፣ «ልጆቹ ምን ይብሉ?» ሲሏቸው አባባ መልስ አልሰጡም። ተነሥተው ወጡ። ማታ ሲመለሱ ሰው ቤት ሲፈልጡ ውለው የተከፈሉትን ጤፍ ይዘው መጡ። መረቡ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ክረምቱ አለፈ።

ብርብራን፣ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የዛፍ ፍሬ፣ ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚበጠብጡትን አይወዱም ነበር፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይማ። ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን የላስቲክ መረብ ሲመጣ ደግሞ አንዱን በጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። «ይኼ አይታይም። ዓሣውም አያየውም። ተቆርጦ ሲቀርም እንደያዘ ይኖራል» አሉ። መልሰው ለባለቤቱ ሰጡት።

ከዚያ እንቦጭ መጣ። ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። አባባ መጀመሪያ ያዩት ቀን ምን እንደሆነ አላወቁም፤ አበባውን ቆርጠው ለእምዬ ይዘውላት ገቡ። እምዬ በጣሳ ውሃ አድርገው መስኮት ላይ አስቀመጡት። አባባ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰበር ነበር፣ ጥፋቱ የእሳቸው የሆነ ይመስል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያ አበባ የታንኳቸውን መንገድ ዘጋው። መረብ ቢጥሉ እንቦጭ ይዞ ይወጣል። በመሐሉ እምዬ ዐረፉ። በ2006 ዓ.ም. አባባ መቅዘፊያቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ወደ እኛ፣ ወደ አዘዞ መጡ። «ጡረታ የወጣሁት በእንቦጭ ነው» ይሉ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አረሙን በእጅ ለመንቀል ዘመቻ ሲወጣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው የቆሙትን ሰዎች እያዩ አንድ በአንድ መረቁ።

አባባ ወደ እኛ ሲመጡ እናቴ ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ ነበር። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፣ ወንድሜ ሦስት ዓመቱ ነው። አባባ አዘዞ ሲገቡ የያዙት አንድ ጋቢ፣ አንድ ዳዊትና የመረብ መጠገኛ መርፌያቸውን ነበር።

የመጀመሪያው ሰኞ ፀጉሬን የሚሠራልኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። አባባ ደጃፍ ላይ በርጩማ አወጡና ከፊታቸው አስቀመጡኝ። ፀጉሬን በሦስት ከፈሉት። ጎረቤቶች ተሰብስበው አዩ፤ ሽማግሌ ወንድ ሹሩባ ሲሠራ ማን አይቶ ያውቃል? አባባ አላፈሩም። «መረብ የሠራ እጅ ፀጉር አያቅተውም» አሏቸው። ጣታቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ሻካራ ነው፤ ግን አንድም ቀን አላሳመሙኝም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ፀጉሬን የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው።

የቦርሳዬ ማንገቻ ሲበጠስ በመረብ ክር ሰፉልኝ። ቋጠሮው ትንሽ ነው፣ እንደ ስንዴ ፍሬ። ቦርሳው ራሱ ተቀዶ ተጣለ። ማንገቻው አልተበጠሰም። ዛሬም አለኝ።

ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አዘዞ ላይ ይገነጠልና በቆላድባና በጯሂት አድርጎ ይወርዳል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ በሚኒባስ ይመጣልን ነበር፤ ሾፌሩን አባባ ያውቁታል። ስንጥቡን ገለጥ ያደርጋሉ። ቀይ ከሆነ ዝም ብለው ይቀበላሉ፤ ከጠቆረ «ይኼ ሌላ ሰው ይሸወድበት፣ እኔን ተወኝ» ይሉታል። ነጭ ዓሣ እሾህ ይበዛዋል። አባባ ሥጋውን በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መሐል እያደረጉ ቀስ ብለው ያሻሉታል። እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀሙ የሳህኑ ዳር ላይ ይደረድሩታል። ከዚያ ያጎርሱናል። መጀመሪያ ወንድሜን፣ ቀጥሎ እኔን። እሳቸው የሚበሉት ጭንቅላቱን ነበር። «ጣፋጩ እሱ ነው» ይሉናል፤ ለብዙ ዓመት አምነናቸው ኖርን።

ከሐይቅ የወጣ ሰው ከተማ ላይ ውሃ ይናፍቀዋል። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ሰው ሁሉ የሚሄደው ለበዓሉ ነው። አባባ ግን ከዚያ በፊት፣ ገና ሲሞላ ለማየት ይዘውን ይሄዱ ነበር። ግንቡ አጠገብ፣ የዛፉ ሥር ድንጋዩን አቅፎ በያዘበት በኩል ይቆማሉ። እጄን ይይዛሉ። ውሃው ትናንት እስከየት እንደነበረና ዛሬ እስከየት እንደደረሰ ያሳዩኛል።

«ይኼ ውሃ ነፋስ አያውቅም» አሉኝ አንድ ጊዜ። «ግን ዘመዳችን ነው።»

«እንዴት አባባ?»

«የቀሃ ውሃ ነዋ። ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ ይወርዳሉ። መገጭ ደግሞ እኛ ቤት ይገባል።»

እውነታቸውን ነው። የጎንደር ወንዞች መጨረሻቸው ጣና ነው። ቀሃ ውስጥ የምንጥለው ፌስታል፣ የምንደፋው እጣቢ፣ በዝናብ ታጥቦ የሚሄደው ሁሉ ለሐይቁ ይደርሰዋል። እንቦጭ የሚፋፋው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ምግብ የበዛበት ውሃ ውስጥ ነው። አባባ ሰፈራችን ካለው ቦይ የሃይላንድ ፕላስቲክ እየለቀሙ በማዳበሪያ ጆንያ ያጠራቅሙ ነበር። ልጆች «አባባ፣ ሊሸጡት ነው?» ይሏቸዋል። «አይ፣ አገሬ እንዳይሄድ ነው» ይላሉ። በዚህ ዓመት ጥምቀት ጉልበታቸው ደክሞ ስለነበር ግንቡ ጋ የወሰድናቸው በባጃጅ ነው። ውሃውን አይተው ብዙ አልተናገሩም። ጋቢያቸውን ሰብስበው «ሞልቷል» አሉ።

የቀበርናቸው በኑዛዜያቸው መሠረት ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ነው። ለቅሶ ላይ የድሮ ባልንጀሮቻቸው መጡ። ዘንግ እየተመረኮዙ፣ ዓይናቸው ከፀሐይና ከውሃ ብልጭታ ብዛት የደከመ ሽማግሌዎች። ከመካከላቸው አንዱን «አያ፣ እዚህ መንደር ታንኳ መሥራት የሚችል ስንት ሰው ቀረ?» አልኳቸው። በአንድ እጃቸው ጣት መቁጠር ጀመሩ። አራት ላይ ቆሙ። አራተኛው ራሳቸው ነበሩ።

ወገኖቼ፣ የምለምናችሁ ይህንን ነው።

ቅጽ የምትሞሉ እህት ወንድሞቼ፣ ዓሣ አስጋሪ ሥራ ነው። ጡረታ ስለሌለው፣ ደመወዝ ስለሌለው፣ መታወቂያው ላይ ማኅተም ስላላረፈበት ሥራ መሆኑ አይቀርም። ሸማኔም፣ ሸክላ ሠሪም፣ ቀጥቃጭም እንደዚያው ነው። የጠየቃችሁት ሰው የነገራችሁን ቃል ጻፉት። ሌላ ነገር አይደለም የምንፈልገው። ሰው መኖሩ ያልተጻፈበት ሥራ ችግሩም አይጻፍም። ሐይቁ ሲበላሽ ማን እንደተጎዳ ሲቆጠር እነ አባባ የሉበትም፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ አስቀድመው ሥራ አልነበራቸውም።

የዓሣ ሀብትን የምትጠብቁ፣ ሐምሌ ሊገባ ብዙ አልቀረውም። ዓሦቹ ወደ መገጭና ወደ ድርማ አፍ መምጣታቸው አይቀርም። እባካችሁ በዚያ ወራት የወንዞቹን አፍ አስከብሩ። አባባ ያለ ዘበኛ ያደረጉትን እናንተ ሕግ ይዛችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ነገር ግን በዚያ ክረምት የአስጋሪው ልጆች ምን እንደሚበሉም አብራችሁ አስቡ። አባባ ፈላጭ ሆነው ነው ያለፉት፤ ሁሉም ሰው የሚፈለጥ እንጨት አያገኝም። መረብ ብቻ ነጥቆ መሄድ መፍትሔ አይሆንም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ጎርጎራ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። እነዚያ ሦስት አራት ሽማግሌዎች አሁንም ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መቅጃ ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ነፋሱ ጠይቋቸው፣ ስለ ዓሣው አፍ ጠይቋቸው፣ ደንገል መቼ እንደሚታጨድ ጠይቋቸው። እኔ አባባን ብዙ ጊዜ «ነገ እቀዳዎታለሁ» ስላቸው ኖሬ አሁን ያለኝ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ወንድሜን «ጫማህን አድርግ» ሲሉት ነው።

የጎንደር ሰዎች፣ አሁን ጾም ነው፤ ዓሣ የምትበሉ ብዙ ናችሁ። ፒያሳም ሆነ አዘዞ ተቀምጣችሁ ጉላሹ ሲቀርብላችሁ ያንን ዓሣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ያወጣው ሰው እንዳለ አስታውሱልኝ። ፌስታላችሁንም ቀሃ ውስጥ አትጣሉ።

የአባባ አርባ የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ወደዚያው ጽሕፈት ቤት እመለሳለሁ። ልጁ ወረቀቱን ቢያስተካክልልኝ ጎርጎራ ይዤው እወርዳለሁ። ባልንጀሮቻቸው ማንበብ አይችሉም፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የልጅ ልጃቸው
አዘዞ፣ ጎንደር